አዝበኪያ ላይ የተነሣው የአየር መርከብ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ካይሮ ይዘናችሁ እንሄዳለን። ዘመኑ 1213 ዓመተ ሂጅራ፣ ወሩ ጁማደል ኣኺር፣ ዕለቱ ጁሙዓ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1798 ኖቬምበር ማብቂያ መሆኑ ነው።

ናፖሊዮን ቦናፓርት ጦሩን ይዞ ግብፅ ከገባ አምስት ወር ሞልቶታል። በኦክቶበር የካይሮ ሕዝብ ተነሥቶበት ነበር። ፈረንሳዮች ከተማዋን በመድፍ ደበደቡ፤ ከነፈረሶቻቸው አል-አዝሀር መስጂድ ውስጥ ገቡ፤ ኪታቦችን መሬት ላይ ጥለው ረገጡ። ከዚህ በኋላ አርባ ቀን ያህል ቆይቶ ነው እንግዲህ በየገበያው ማስታወቂያ የተለጠፈው። ፈረንሳዮች በጥበባቸው የሠሩትን የአየር መርከብ በአዝበኪያ አደባባይ ያስነሣሉ ተባለ። ሰዎች ተሳፍረውበት ሩቅ አገር ይደርሱበታል ተብሎም ተወራ።

ሊያዩ ከተሰበሰቡት መካከል ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የጀበርቲ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰባተኛ አያታቸው ከሐበሻ ምድር፣ ከዘይላዕ ወገን ካለው የጀበርት አገር ተነሥተው ዒልም ፍለጋ አል-አዝሀር የገቡና የጀበርቲ ተማሪዎች ማደሪያ የነበረውን ሪዋቅ የመሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን ደግሞ የሒሳብና የከዋክብት ዕውቀት ባለቤት ናቸው። በ1159 ዓመተ ሂጅራ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ እሳቸው ዘንድ ሂንዲሳ ተምረው እንደተመለሱ ልጃቸው ጽፈዋል።

ሸይኹ ያዩትን አንድ በአንድ መዝግበዋል። ምሰሶ ላይ እንደ ድንኳን የተወጠረ፣ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው ጨርቅ ነበር። ግርጌው እንደ ወንፊት ክብ ሲሆን መካከሉ ላይ ዘይት የጠጣ ክር የያዘ ሳሕን በብረት ሽቦ ተንጠልጥሏል። የገመዶቹን ጫፍ ቤት ጣሪያ ላይ የቆሙ ሰዎች ይዘዋል። ከዐሱር በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክሩ ተለኮሰ። ጢሱ ጨርቁን ሞላው፤ ጨርቁም ተነፍቶ እንደ ኳስ ሆነ። ጢሱ ወደ ላይ መውጣት ፈልጎ መውጫ ስላጣ ጨርቁን ይዞት ተነሣ። ገመዱ ሲቆረጥ ነፋስ ጥቂት ወሰደው። ወዲያው ሳሕኑ ከነክሩ ወደቀ፤ ጨርቁም ተከተለ፤ በውስጡ የነበሩ የታተሙ ወረቀቶችም ተበተኑ። ፈረንሳዮቹ አፈሩ። ሸይኹም ነገሩ መርከብ ሳይሆን ለበዓልና ለሠርግ አገልጋዮች ሠርተው ከሚያስበሩት መጫወቻ የማይለይ ሆኖ ተገኘ ብለው ጻፉ።

ይህን ጽሑፍ አንብበው «አዲስ ጥበብ ያልገባው ሸይኽ» የሚሉ አልጠፉም። እኛ ግን አንስማማም። እስቲ አነሣሡን የገለጹበትን መንገድ ተመልከቱ። ፊኛውን በ1783 ፈረንሳይ ውስጥ የፈለሰፉት ሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ራሳቸው ኃይሉ ከጢሱ የመጣ መስሏቸው ነበር። የሚያነሣው የሞቀው አየር ነው፤ ከቀዝቃዛው አየር ይቀላልና። ደግሞም እኚሁ ሸይኽ የፈረንሳዮቹን ቤተ መጻሕፍትና የኬሚስትሪ ሙከራ ጎብኝተው በአድናቆት ጽፈዋል። አዝበኪያ ላይ የመዘኑት በአዋጅ የተነገረውንና በዓይን የታየውን ነው። አል-አዝሀርን የረገጠ ጦር ሕዝቡን በትርኢት ሊያስደምም ሲሞክር፣ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሸይኹ ያላዩት ነገር ነበር። ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1783 ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሞቀ አየር ፊኛ ፓሪስ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በረዋል። በ1794 የፈረንሳይ ጦር ፍሌሩስ በተባለው ውጊያ ላይ ጠላቱን ከፊኛ ሆኖ ሰልሏል። የካይሮውን ሥራ የመራው ኮንቴም ተራ ሰው አልነበረም፤ ግራፋይትን ከሸክላ አፈር ቀላቅሎ እርሳስ መሥራትን ያስገኘ ሰው ነው። ልጆቻችን ዛሬም የሚጽፉት በዚያው ዘዴ በተሠራ እርሳስ ነው። ግን ከፈረንሳይ የተጫነው መሣሪያ አብዛኛው ባሕር ላይ ስለጠፋ ባገኘው ነገር ነበር የሠራው። በጃንዋሪ 1799 የተደረገው ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የተሻለ ርቀት ሄዶ ወደቀ። ሸይኹም ነፋስ ረድቶት ከዓይን ቢሰወር ኖሮ ሩቅ አገር ሄደ ባሉን ነበር ብለው አለፉት።

ደ ሮዚዬ ሃይድሮጅንንና የሞቀ አየርን አንድ ላይ ያደረገ ፊኛ ሠርቶ ወደ እንግሊዝ ሊሻገር ሲሞክር በ1785 ወድቆ ሞተ። ሃይድሮጅን በእሳት አጠገብ አይታመንም። እሳት የማይዘው ሂሊየም ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ከዚያ በኋላ ሂሊየምና የሞቀ አየርን ያጣመረው ፊኛ በሟቹ ስም ሮዚዬር ተባለ።

በማርች 1999፣ ከአዝበኪያው ሙከራ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ስዊዘርላንዳዊው ቤርትራን ፒካርና እንግሊዛዊው ብራያን ጆንስ በእንዲህ ያለ ፊኛ ከስዊዘርላንድ ተነሡ። ሃያ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ መሬት ሳይነኩ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው ዓለምን ዞሩ። ማርች 21 ቀን ያረፉትም ግብፅ ውስጥ፣ በምዕራቡ በረሃ አሸዋ ላይ ነበር።