በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፡ የጨው መንገድና የልጆቻችን አንጎል



በመከራ ላይ መከራ ሲጨመር "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እንላለን። እንቅርት ተረት ውስጥ የገባው በየመንደሩ የሚታይ በሽታ ስለነበረ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን አንገት ላይ ስለሚታየው እብጠት ብቻ ሳይሆን አብሮት ስለሚመጣው የማይታይ ጉዳት ነው።

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሃራ ወይም በባቱ ያደጋችሁ፣ ማዕድን በሰው አካል ላይ ምልክት እንደሚተው ታውቃላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የበርካታ ሰው ጥርስ ቡናማ ሆኗል። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ ላይ ይታያል። አዮዲን ሲያንስ ግን ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ገና ባልተወለደ ልጅ አንጎል ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ መስታወት አያሳይም።

አዮዲንና አንጎልን ምን አገናኛቸው?

የፅንስ አንጎል የሚሠራው ስቴም ሴል ከሚባሉ እናት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት መቼ እንደሚባዙ የሚነግሯቸው "ግሮውዝ ፋክተር" የተባሉ የእድገት መልእክተኞች አሉ። መልእክተኞቹን በማግኘታቸው ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮኸን ባገኘው መልእክተኛ ተጠቅመው ከአይጥ አንጎል የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን በላቦራቶሪ አባዝተዋል።

መባዛት ብቻውን ግን አንጎል አይሆንም። ሕዋሳቱ በጊዜያቸው ወደ ነርቭነት መለወጥና ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። ከዚያም የነርቭ ገመዶቹ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን፣ ማየሊን በተባለ ስብ ይጠቀለላሉ። ውሃው ሲቀር የአንጎል ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ይህ ሁሉ በሰዓቱ እንዲከናወን የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልጋል፤ ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንሱ ሆርሞኑን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን ሳያውቁ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

የጨው መንገድ

ስዊዘርላንድ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። እኛ ዘንድ ከጦርነቱ በፊት አዮዲን ያለው ጨው የሚመጣው ከአሰብ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ። አገሪቱ ፊቷን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞረች። ጨው ተገኘ፤ አዮዲኑ ግን ቀረ። የአፋር ጨው በሚሌ፣ በአዋሽና በመተሃራ አድርጎ አዳማ ይደርሳል፤ ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል፣ ገሚሱ ሞጆ ላይ ታጥፎ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ይወርዳል። ወጡ ያው ጨው ያለው ወጥ ስለነበር፣ አንድ ነገር እንደጎደለ ቀምሶ ያወቀ ሰው አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ ከ100 ወደ 15 ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ አለ። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም አዮዲን "አለው" ማለትና "በቂ አለው" ማለት ይለያያሉ።

በእነዚያ 13 ዓመታት የተወለዱ ልጆች ዛሬ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ወጣት ወላጆች ናቸው። በማህፀን ያለፈውን ጊዜ መልሶ የሚከፍት መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የአዮዲን እጥረትን ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች ቀዳሚው ይለዋል። ስለዚህ ሥራው ያለው ከእርግዝና በፊት፣ በጓዳችን ውስጥ ነው።

ምን እናድርግ?

1. በስፍር ከሚሸጥ ጥሬ ጨው ይልቅ "አዮዲን ያለው" የሚል የታሸገ ጨው ይግዙ።

2. ከፀሐይ፣ ከምድጃ ሙቀትና ከእርጥበት አርቀው በሚከደን ዕቃ ያስቀምጡ። ጨው አይጠቡ።

3. ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ፤ ረጅም ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሰዋል።

4. ጨው አያብዙ! ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል። ግፊት ያለበት ሰውም ጨው የሚቀንሰው እንደታዘዘው ነው፤ የሚጠቀማት ትንሿ ግን አዮዲን ያላት ትሁን።

5. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ ለሌላ አዋቂ 150 ይበቃል። እርግዝና ካሰባችሁ ወይም አንገት ላይ እብጠት ካያችሁ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ። የአዮዲን እንክብል በራሳችሁ አትጀምሩ፤ መብዛቱም ታይሮይድን ያውካል።

ዛሬ ማታ ጓዳ ገብታችሁ የጨው ዕቃችሁን እዩት። ክዳን አለው? ከምድጃው ርቋል? ለማርገዝ ላሰበች እህት ወይም ጓደኛ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላት።

መልካም ጤና!