የኢትዮጵያ የኢነርጂ ፖሊሲ እና የታዳሽ ኃይል ዕድገት

የኢትዮጵያ የኢነርጂ ፖሊሲ የሚባለው ሀገሪቱ ኃይልን ከየት እንደምታገኝ፣ ለማን እንደምታዳርስና በምን ዋጋ እንደምትሸጥ የሚወስኑት ሕጎችና የልማት ዕቅዶች ድምር ነው። መነሻው በ1986 ዓ.ም. በሽግግር መንግሥቱ ዘመን የወጣው ብሔራዊ የኢነርጂ ፖሊሲ ነው። ሌሎች ብዙ ሀገሮች ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለመላቀቅ ሲታገሉ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ለዐሥርት ዓመታት በአብዛኛው ታዳሽ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ይመነጫል። ስለዚህ እዚህ ያለው ጥያቄ የተለየ ነው። ዝናብ የቀረ ዓመት ኃይል ከየት ይመጣል? ሽቦው የገጠሩን ቤት መቼ ይደርሳል? ምጣዱስ ከማገዶ የሚላቀቀው መቼ ነው? (በዚህ መጣጥፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

የዘመናዊቷ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የኃይል እርምጃ ምናልባት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያዋን የነበረውን ደን ለማገዶ ጨርሳ ስለነበር፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ከተማዋም ከቦታዋ ሳትነቀል ቀረች። ኤሌክትሪክም ወደ ሀገሪቱ የገባው በዚሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ለቤተ መንግሥት መብራት ተብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ማመንጫ የተገነባው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዘመን ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል።

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ዛሬም ተቋሙን «መብራት ኃይል» ብሎ የሚጠራው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀየርም ይህ አጠራር አልተለወጠም። በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ (43.2 ሜጋ ዋት) ሥራ ሲጀምር የአዋሽ ወንዝ ልማት ተከፈተ፤ አዋሽ ሁለትና ሦስት፣ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ እና መልካ ዋከና በየተራ ተከተሉ። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተገነባው መልካ ዋከና 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል።

የ1986 ፖሊሲ

የሽግግር መንግሥቱ ፖሊሲ የመረጠው መንገድ ግልጽ ነበር። የውኃ ኃይል ቀዳሚ ይሆናል፤ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ፀሐይና ነፋስ እንደ አዋጭነታቸው ይከተላሉ፤ ሕዝቡም ከእንጨትና ከኩበት ቀስ በቀስ ወደ ዘመናዊ ኃይል ይሸጋገራል። የምርጫው ምክንያትም አያከራክርም። የሀገሪቱ ወንዞች ወደ 45,000 ሜጋ ዋት ሊሰጡ እንደሚችሉ በመንግሥት ሰነዶች ላይ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። በአንጻሩ ነዳጅ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

ከፖሊሲው በኋላ የመጡት ሕጎች በአብዛኛው የአስተዳደር ጉዳዮች ናቸው። የ1989 የኤሌክትሪክ አዋጅ የግል ባለሀብት በማመንጨት እንዲሳተፍ በሩን ገርበብ አደረገ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። በዚሁ ዓመት አሮጌው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና የከፍተኛ መሥመር ማስተላለፉን ሲይዝ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማከፋፈሉንና ሽያጩን ወሰደ። ሰነዱ ኖሮ ገንዘቡ ባይኖር ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። የኃይል ዘርፉን የለወጠው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ብድርና በጀት የተገፋው የግድብ ግንባታ ነው።

የግድቦች ዘመን

ግልገል ጊቤ አንድ (184 ሜጋ ዋት) በ1996 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። 2002 ዓ.ም. ደግሞ ለየት ያለ ዓመት ነበር፤ ተከዜ (300)፣ ጊቤ ሁለት (420) እና ጣና በለስ (460) በአንድ ዓመት ውስጥ ተመርቀው 1,180 ሜጋ ዋት ተጨመረ። ጥድፊያው ዋጋ ማስከፈሉ አልቀረም። የጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ በተመረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደርምሶ ማመንጫው ለወራት ቆሟል። የጣና በለስ ዋሻም የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስድ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከቀድሞ ግርማው ብዙ አጥቷል።

ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። የግድቡ ቁመት 243 ሜትር ነው። በኦሞ ሸለቆ የወንዙን ሙላት ጠብቀው በደለል ላይ የሚያርሱ ማኅበረሰቦች ኑሮና የቱርካና ሐይቅ ዕጣ ፈንታ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ስለነበር ምዕራባውያን አበዳሪዎች አልነኩትም፤ ለተርባይኖቹ ግዢ ብድር የተገኘው ከቻይና ባንክ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገዝፈው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በይፋ ተመረቀ። በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በዓባይ ላይ ለሚሠራ ግድብ የውጭ ብድር ማግኘት ስለማይቻል፣ ወጪው በመንግሥት በጀት፣ በቦንድ ሽያጭና በሕዝብ መዋጮ ተሸፍኗል፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቦንድ በመግዛት ተሳትፈዋል። ከሱ በፊት የተሠሩት የውኃ ማመንጫዎች በሙሉ ቢደመሩ የሕዳሴን አቅም አያክሉም። በኦሞ ላይ የሚገነባው ኮይሻም 1,800 ሜጋ ዋት ያህል እንዲያመነጭ ታስቧል።

ይሁን እንጂ ዕቅዱ ሁልጊዜ ከሥራው ቀድሞ ይሮጣል። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አቅሙን ከ2,000 ወደ 8,000 ሜጋ ዋት ለማድረስ ያለመ ነበር። ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. ከ17,000 በላይ እንዲሆን አሰበ። 2012 ሲደርስ የነበረው 4,500 እንኳ አልሞላም። ቀጥሎ የመጣው የዐሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ደግሞ በ2022 ዓ.ም. 19,900 ሜጋ ዋት የሚል ግብ አስቀምጧል።

ዝናብና ነፋስ

በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ሀገሪቱ ደጋግማ አይታለች። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲያጥር መብራት በፈረቃ ሆነ። በ2001 ፈረቃው ተመለሰ፤ የዚያን ጊዜ ካሊቲ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ድሬዳዋ ያሉት የናፍጣ ማመንጫዎች ያላባራ ሥራ ላይ ነበሩ። በግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ሐይቅ ወርዶ 476 ሜጋ ዋት ጎደለ፤ ይህም በወቅቱ ይመነጭ ከነበረው ከሲሶው በላይ ነበር። ቤቶችና ፋብሪካዎች እንደገና በፈረቃ ዋሉ፤ ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚላከውም ተቋረጠ። ሐይቆችን ማብዛት ብቻውን ይህን አይፈውስም። ጊቤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሚጠብቁት የአንድ ተፋሰስ ዝናብ ነው፤ ጊቤ ሁለት እንዲያውም የሚሠራው ከጊቤ አንድ ተርባይን በወጣው ውኃ ነው።

መድኃኒቱ ከሀገሪቱ አየር ጠባይ ውስጥ ተገኝቷል። በክረምት ግድቦቹ ሲሞሉ ነፋሱ ይደክማል፤ በበጋ ሐይቆቹ እየወረዱ ሲሄዱ ነፋሱ ይበረታል። ነፋሱ ባመነጨ ቁጥር የግድቡ ውኃ ይቆጠባል። በዚህ ስሌት አዳማ አንድ (51 ሜጋ ዋት) በ2004፣ አሸጎዳ (120) በጥቅምት 2006፣ አዳማ ሁለት (153) ደግሞ በ2007 ተመረቁ። በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ 84 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን፣ በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። በሶማሌ ክልል በአይሻ እና በዴንማርክ ድጋፍ በአሰላ አካባቢ ሌሎች ጣቢያዎች ተተክለዋል። ነገር ግን ሁሉም የነፋስ ጣቢያዎች ተደምረው የሕዳሴን ሁለት ተርባይን አቅም ያህል እንኳ አይሆኑም።

ከርሰ ምድርና ፀሐይ

በስምጥ ሸለቆ ያለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ክረምት ከበጋ አይመርጥም፤ ለግድብ መጠባበቂያ የሚሆን ከእሱ የተሻለ ምንጭ ለማግኘት ያስቸግራል። የመንግሥት ግምት አቅሙን 10,000 ሜጋ ዋት ያደርሰዋል። እስካሁን የታየው ግን በላንጋኖ አቅራቢያ በአሉቶ የተተከለው 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን በብልሽት ለዓመታት ቆሞ ነበር። በቱሉ ሞዬ እና በኮርቤቲ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ውል ቢኖርም ግንባታው ተጓትቷል። ኬንያ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ላይ ከ800 ሜጋ ዋት በላይ ታመነጫለች። ልዩነቱን የፈጠረው መሬቱ አይደለም። ኬንያ የቁፋሮውን ኪሳራ መንግሥት ራሱ እንዲሸከም አድርጋ የተረጋገጠ እንፋሎት ለባለሀብት አቀረበች፤ ኢትዮጵያ ቁፋሮውንም አደጋውንም ባለሀብቱ እንዲሸከም ጠየቀች።

የፀሐይ ኃይል ታሪክም ከዚህ ብዙ አይለይም። በመተሐራ የ100 ሜጋ ዋት ጨረታ አንድ የጣሊያን ኩባንያ በ2010 አሸነፈ። በ2012 መጀመሪያ አንድ የሳዑዲ ኩባንያ ለጋድ እና ለዲቼቶ ጣቢያዎች በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ ዓለምን አስገረመ። ሁለቱም ወደ ግንባታ አልገቡም። ባለሀብቱ በብር የሚሰበሰበውን ገቢ ወደ ዶላር ቀይሮ ለመውሰድ ዋስትና ይፈልጋል፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ዶላር አልነበረውም። ከ0.27 ብር ጀምሮ ይሸጥ የነበረው ኮረንቲ ወጪውን እንደማይመልስ ሁሉም ያውቅ ነበር። ታሪፉ ለዐሥር ዓመት ያህል ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011፣ ከዚያም በ2017 ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመብራት ኃይል የውጭ ዕዳ በብር ሲሰላ በእጥፍ ያህል ያደገው ወዲያው ነበር።

ሽቦው የሚደርስበትና የማይደርስበት

በመጋቢት 2011 የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በ2017 ዓ.ም. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ይደርሳል አለ፤ 65 በመቶው ከዋናው መሥመር፣ 35 በመቶው ከፀሐይ ኃይልና ከመሳሰለው። መርሐ ግብሩ ሲወጣ 44 በመቶ ሕዝብ ተጠቃሚ ነበር። ቀነ ገደቡ ሲደርስ የተጠቃሚው ቁጥር ከግማሽ ብዙም አላለፈም። ብዙ የገጠር ቤቶች የከፍተኛ መሥመር ማማ በማሳቸው አልፎ ሲሄድ ያያሉ፤ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ስለሌለ ማታ የሚያበሩት በእጅ የሚያዝ የፀሐይ መብራት ወይም ኩራዝ ነው።

በዚህ መካከል ኃይሉ ወደ ውጭ ይሸጣል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት መሥመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችል ሲሆን፣ ሽያጩ በኅዳር 2015 በ200 ሜጋ ዋት ተጀመረ። የቢትኮይን ኩባንያዎችም በዶላር እየከፈሉ ብዙ ኃይል ወስደዋል። በጥር 2016 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ምክንያቱም ነዳጁ በዶላር፣ ኮረንቲው በብር መሆኑ ነው። ይህ ውሳኔ ከወጡት የኢነርጂ እርምጃዎች ሁሉ ፈጣኑ ሳይሆን አይቀርም።

ምጣዱ

ስለ ሜጋ ዋት የሚነገረው ሁሉ ሀገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ትንሹን ክፍል ይመለከታል። ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ዛሬም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያ ያጣል፤ ጭሱን የምትስበው ደግሞ ምጣዱ ፊት የተቀመጠችው ሴት ናት።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋው ሚርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ለከሰል የተሠራው ላቀች ምድጃም በከተማ ተለምዷል። ወጪያቸው አነስተኛ፣ ጥቅማቸው ግን ከብዙ ግድብ የማይተናነስ ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ከዋና ዋና መርሐ ግብሮቹ አንዱ ያደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ለመሥመሩ ቀላል እንግዳ አይደለም። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ መቶ ሺህ ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢጣድ 350 ሜጋ ዋት፣ ማለትም ተከዜ በሙሉ አቅሙ ከሚሰጠው በላይ ይጠይቃል። በበዓል ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ለጊዜው እንዲያቆሙ የሚለመኑት ለዚህ ነው። ለዓመታት የታቀደው በሜጋ ዋት ብቻ ሲሆን፣ የሰፈር ትራንስፎርመርና አሮጌ ሽቦ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሕዳሴ ከተመረቀ ወዲህ የኢትዮጵያ ችግር የማመንጨት ሳይሆን የማከፋፈል ነው፤ መንግሥት በመስከረም 2018 ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ የጀመረው ንግግርም ይህን አይፈታም። ከአሁን በኋላ የሚገኝ ብድር ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ለማከፋፈያ መሥመር ነው።