አዲስ ዓለም ስንት ፊደል ነው?

እናንተዬ፣ ጆሮ ስጡኝማ። የማወራችሁ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ኢንተርኔት ስለተማርንበት ዓመት ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኛም ስቀናል።

ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነው። ቦታው በአምቦ መንገድ ላይ ያለ አንድ ኮሌጅ ነው፤ ስሙ ይቅርባችሁ። ትምህርቱ በወረቀት «የኢንተርኔት አጠቃቀምና የዌብ ሥራ መግቢያ» ይባላል። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ተደርድሯል፤ የሚነሱት ሰባት ናቸው፤ እኛ ሃያ ስድስት ነን። ማውሱን የቀደመ ያዘው፤ ያልቀደመ ከኋላ ቆሞ «እዚያ ጋ! ኧረ እዚያ ጋ ንካው!» ይላል። ኢንተርኔቱን ያመጣል የተባለው ኬብል ከዲኑ ቢሮ ተነሥቶ ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ ደርሶ እንደ ደከመው መንገደኛ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ነገ ይገባል» ተባለ። ሴሚስተሩ አለቀ።

ቲቸር ግን ወኔ ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ታሪኩን ሲነግረን፣ ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ስዊዘርላንድ፣ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ሲሠራ በ1989 የዌቡን ሐሳብ ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ አለን። ቀጠለና ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ነው አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያ እኩል ነው የጀመርነው!» ብሎ ጮኸ። አጨበጨብን። ቲቸር ጠመኔውን አስቀምጦ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና «የመጀመሪያው በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ሁለተኛው በእኛ» አለ። ስምንት ዓመት ገደማ ከእጃችን ወጣ።

ከዚያ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም አስከፈተን። ድረ ገጽ ማለት ለካ ጽሑፍ ነው! በሁለት ቀስት መካከል ምልክት ትጽፋለህ፣ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው ትለዋለህ፣ በኤችቲኤምኤል ስም ታስቀምጠዋለህ፤ ብሮውዘሩ ከራስህ ኮምፒውተር አንሥቶ ይከፍትልሃል። መስመር አያስፈልገውም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ኬብሉ ኮሪደር ላይ መቅረቱ ጠቅሞናል። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ሃያ ስድስታችንም ፌስቡክ ላይ እንውል ነበር።

የቤት ሥራው ስለ ከተማችሁ አንድ ገጽ ሥሩ የሚል ሆነ። እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፤ ምን አጥቼ! ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሆለታን አልፎ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማችን የአገር ዋና ከተማ ልትሆን ነበር እኮ። በ1890ዎቹ አዲስ አበባ እንጨት አለቀባት። ማገዶ ከሩቅ ይጫናል፣ ለቤት የሚሆን ማገር ይጠፋል። ምኒልክ «እንግዲያ እንነሣ» አሉና እዚህ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር፤ ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት። በአገራችን ከተሠሩት ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱም ወደዚሁ የመጣው ነው። በዚህ መሐል ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ላይ በቀለ፤ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ማገዶው ተገኘ፣ ንጉሡም እዚያው ቀሩ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ማርያም ሆነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። አያቴ ባሕር ዛፍ ባየች ቁጥር «ከተማችንን የበላት» ትላለች። እሷም ግን የምታነደው እሱኑ ነው።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ገጹ።

ይሄን ሁሉ ጻፍኩት። ቲቸር በዩኒኮድ የሚጽፍ የአማርኛ ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጭኖልን ነበር። ጽሑፌን ላስቀምጥ ስል ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ኦኬ አልኩት። እንግሊዝኛ ሲበዛ ኦኬ ማለት ነው ደንባችን። ብሮውዘሩን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት! አዲስ ዓለም የለ፣ ምኒልክ የለ፣ ባሕር ዛፍ የለ፤ ጥያቄ ብቻ። ቲቸር መጣና አየው። «ይሄ ሞቷል፤ አይመለስም» አለ፤ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ። ያ ኦኬ ያልኩት እንግሊዝኛ ለካ «ፊደሉ ይጠፋብሃል፣ ልቀጥል ወይ?» እያለኝ ነው።

እንደገና ጻፍኩት። መብራት ሄደ። እንደገና ጻፍኩት። አሁን ስናስቀምጥ ከታች ካለው ዝርዝር ዩቲኤፍ 8 የሚለውን አስመረጠን። ከፈትኩት፤ ሌላ ጉድ! የፈረንጅ ፊደል ከነኮፍያው፣ ከነጭረቱ፣ ከነነጠብጣቡ ተዘርግፏል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የጊንጪ ልጅ ነው፤ የራሱን ገጽ በአፋን ኦሮሞ ነበር የጻፈው። ቁቤ የላቲን ሆሄ ስለሆነ ገጹ ያለ አንዳች እንከን ቁጭ ብሏል። «እኔ ጨርሻለሁ፣ ቡና ልጠጣ» አለኝ። ከ1984 ወዲህ በቁቤ የተማረ ሁሉ ያን ቀን ከእኛ ቀድሞ ቡና ጠጣ።

ቲቸር ግን ፈገግ አለ። «ይሄኛው አልሞተም። እስቲ ቁጠር፤ አዲስ ዓለም ስንት ፊደል ነው?»

«ስድስት።»

«ርዕሱ ላይ ራሷ ላይ ጭረት ያለባት ኤ ስንት ጊዜ አለች?»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አስደግፌ ቆጠርኩ። ስድስት! ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ቁቤው አንድ ባይት ይበቃዋል። የእኛ ሦስት ባይት ሲጀምር ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ብሮውዘሩ ሳያውቅ በላቲን ሲያነበው ያቺን ባለ ጭረት ኤ ያወጣታል። አ ከእነ ሁለት ጀሌዋ፣ ዲ ከእነ ሁለት ጀሌዋ፣ እያለ ይሄዳል። ፊደሉ እዚያው ተደብቆ ተቀምጧል፤ ብሮውዘሩ እንዴት አድርጎ እንደሚያነበው የነገረው የለም እንጂ።

ቲቸር ቀና ብሎ ከገጹ አናት ላይ አንዲት መስመር አስጻፈኝ። «ይሄ ጽሑፍ ዩቲኤፍ 8 ነው» የምትል፣ ለአንባቢ የማትታይ መስመር ናት። አስቀመጥኩ፤ ገጹን አደስኩ። አዲስ ዓለም! ጥቁር፣ ወፍራም፣ መሐል ላይ። ቡና ሊጠጣ የወጣው ልጅ ተመልሶ በመስኮት እያየን ነበር፤ «አማርኛ ስትጽፍ ኩራትህ ብዙ ነው» አለኝ።

አንዲት ልጅ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት በፓወር ግዕዝ ያስተየበችውን አምጥታ ለጠፈች። የእሷም ላቲን ሆኖ ወጣ፤ ያቺን መስመር ብትጨምርበትም አልዳነም። ቲቸር ያስረዳን እንዲህ ነው፤ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ለፊደላችን የራሱ ቦታ አልነበራቸውም፤ የፈረንጁን ሆሄ የሐበሻ ልብስ አልብሰው ያስወጡታል፤ ልብሱ የሌለበት ኮምፒውተር ዘንድ ሲደርስ ራቁቱን ይቀራል። ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ ነው፤ 345 ምልክት ሆኖ፣ ቁጥሮቹንና አራት ነጥቡን ይዞ። ልጅቷ ሁሉንም እንደ አዲስ ተየበችው። ስትተይብ አልተናገረችም፤ ቁልፎቹን ግን ትመታቸው ነበር።

በ2012 ሰኔ መጨረሻ፣ የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ሲገደል፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት አለፈው። እኔ ያኔ በዚሁ ሙያ የምበላ ሰው ነኝ፤ የምሠራው አጣሁ። አንድ ማታ ከአሮጌ ፍላሽ ላይ ያን ገጽ አግኝቼ ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ምን ይከለክለዋል፣ ድሮም መስመር አይቶ አያውቅ!

አሁን የእህቴ ልጅ በስልኳ ትማራለች። በ2016 ሐምሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ነው፤ በነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንጉን ይዛለች። የጀመረችው ገጽ ስለ አዲስ ዓለም ማርያም ነው፣ ማንም ሳይነግራት። ባለፈው ቡና እየጠጣን ስልኩን ዘረጋችልኝ።

«አጎቴ፣ ይቺ ከላይ ያለችው መስመር ራሷ ነው የመጣችው፤ ምንም አትሠራም። ላጥፋት?»

ስኒውን አስቀመጥኩ።

«ቆይ» አልኳት። «አዲስ ዓለም ስንት ፊደል ነው?»