ባስ የሚመታ ጊታር ይመታልን? ጊታር የሚመታስ ባስ?

ሙዚቃ በሚወዱ ተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ጊታር የሚያውቅ ሰው ባስ ጊታር መጫወት ይችላልን? ባስ የሚያውቅስ ጊታር?» የሚል ነው። አንዱ «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የአውታር ቁጥር ብቻ ነው» ሲል፥ ሌላው «የለም፤ እንደ መለከትና እንደ ከበሮ የተለያዩ ናቸው» ይላል። ክርክሩ ለጨዋታ ያህል ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። የተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ በሚቋቋምበት ጊዜ ጊታር ይዞ ከፊት ለመቆም የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው፤ ባስ ለመያዝ ፈቃደኛ የሚሆነው ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻም ባሱ በጊታር ደከም ላለው ልጅ ይሰጣል፤ ልጁም እንደ ተቀጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ይህ አሠራር ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? መልሱን ለማግኘት የመሣሪያዎቹንና የተጫዋቾቹን ታሪክ መመርመር የተሻለ መንገድ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ዝምድናቸውን እንመልከት። የተለመደው ጊታር 6 አውታሮች አሉት፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ስንቆጥር ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። የተለመደው ባስ ጊታር 4 አውታሮች ሲኖሩት እነርሱም ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ናቸው። እንግዲህ የባሱ አውታሮች ከጊታሩ 4 ወፋፍራም አውታሮች ጋር በስም አንድ ናቸው፤ ነገር ግን የባሱ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። የጊታሩ ወፍራም ሚ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፥ የባሱ ሚ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው፥ የአንድ አውታር ርግብግቢት በግማሽ እንዲቀንስ ከተፈለገ፥ ውጥረቱ ሳይለወጥ፥ ወይ ርዝመቱ እጥፍ መሆን አለበት፥ ወይም ርዝመቱ እንዳለ ሆኖ ክብደቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት። መሣሪያ ሠሪዎች ሁለቱንም ዘዴ አዋሕደው ተጠቀሙበት። በታወቁት የፌንደር ሥራዎች የጊታሩ አውታር የሚርገበገብበት ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ የባሱ ደግሞ 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቀረውን አውታሩን በማወፈር ሞሉት። ስለዚህ ከጊታር ወደ ባስ የሚሻገር ሰው የድምፆቹን ቦታ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጣቶቹ ግን ራቅ ራቅ ብለው መዘርጋትና በብርቱ መጫን አለባቸው።

ይህ ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ባስ ጊታር ከመፈጠሩ በፊት የዝቅተኛውን ድምፅ ሥራ የያዘው ኮንትራባስ ነበር። ኮንትራባስ ከሰው ቁመት የማያንስ ትልቅ መሣሪያ ስለሆነ ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዙ አድካሚ ነው። ደግሞም በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች ስለሌሉበት፥ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጆሮውን አሠልጥኖ ነው። ጊታር በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፁን ከፍ ባደረገ ጊዜ የኮንትራባስ ድምፅ በከበሮና በመለከት ተውጦ የማይሰማ ሆነ። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ፖል ታትማርክ የተባለ ሰው እንደ ጊታር ተይዞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ባስ ሠርቶ ነበር፤ ሆኖም በሰፊው አልተሠራጨም።

ነገሩ መልክ የያዘው በ1951 ነው። በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የተባለ የራዲዮ ጠጋኝ «ፕሪሲዥን ባስ» የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ሰው ራሱ ጊታር መጫወት የማያውቅ መሆኑ ነው። «ፕሪሲዥን» ማለት ትክክለኛነት ማለት ሲሆን፥ ስሙ የተሰጠው በፍሬቱ ምክንያት ድምፁ ሳይዛነፍ ስለሚገኝ ነው። ፌንደር ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለመርዳት አስቦ ነበር። አንደኛው ከኮንትራባሱ ሸክም መገላገል የሚፈልገው ባስ ተጫዋች ነው። ሁለተኛውም እንደ ሥራው ሁኔታ አንድ ጊዜ ጊታር፥ አንድ ጊዜ ባስ መጫወት የሚያስፈልገው የጊታር ሰው ነው። እንግዲህ ባስ ጊታር ከመነሻው ጀምሮ በሁለት ሙያዎች መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነበር ማለት ይቻላል።

በድልድዩ ከተሻገሩት መካከል ጥቂቶቹን እንጥቀስ። ከኮንትራባስ በኩል ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ መንክ ሞንትጎመሪ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በላይነል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ አዲሱን ባስ ይዞ ተጫውቷል። ወንድሙ ዌስ ሞንትጎመሪ ደግሞ በመምቻ ፈንታ በአውራ ጣቱ እየመታ በዓለም የታወቀ የጊታር ሊቅ ሆነ። ሌላው ከኮንትራባስ የመጣው ጄምስ ጃመርሰን ነው። እርሱ መሣሪያውን የጀመረው በዲትሮይት ከተማ እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ባስ ጊታር ከተሻገረ በኋላም የኮንትራባሱን ልማድ ሳይተው በአንዲት ጠቋሚ ጣት ብቻ ይመታ ነበር። የሞታውን ኩባንያ ዘፈኖች ዓለምን ሲያስጨፍሩ መሠረቱን የያዘው የእርሱ ጣት ነበር፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ስሙ አይጻፍም ነበር። በ1971 የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተባለው አልበም ሲወጣ ግን ስሙ ከነምስጋናው ታተመ።

ከጊታር በኩል የመጡት ታሪክ ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። ካሮል ኬይ የተባለችው አሜሪካዊት በሎስ አንጀለስ የታወቀች የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች። በ1963 አንድ ቀን ለዘፈን ቀረጻ የተቀጠረው ባስ ተጫዋች ሳይመጣ ስለ ቀረ፥ ባሱን እርስዋ እንድትይዝ ተጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራዋ ባስ ሆነ። የጊታር መምቻዋን ሳትጥል በባሱ ላይ ስለ ተጠቀመችበት ድምፅዋ ጥርት ያለና ከሌላው የተለየ ነበር። በ1966 የወጣው የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» የተባለው አልበም ሥራዋ ካለባቸው አንዱ ነው።

ላሪ ግራም ደግሞ ከእናቱ ጋር በትንሽ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ዝቅተኛውን ድምፅ ይሰጥ የነበረው ኦርጋን ሲበላሽ፥ ለጊዜው ብሎ ባስ ተከራየ። በኋላም ከበሮ መቺው ስለ ሄደ፥ ላሪ የከበሮውን ጉድለት ለመሙላት አውታሩን በአውራ ጣቱ ይመታና በሌላው ጣት ይስብ ጀመር። ዛሬ በዓለም ሁሉ ባስ ተጫዋቾች የሚማሩት በአውራ ጣት የመምታት ስልት እንዲህ ካለው ችግር ተወለደ። ችግር ያስያዘው መሣሪያ ስሙን አስጠራው።

ሦስተኛው ምስክር ፖል ማካርትኒ ነው። በ1961 ቢትልስ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ሳሉ ባስ ተጫዋቻቸው ስቱዋርት ሳትክሊፍ ከጓዱ ወጣ። ከቀሩት ባሱን ለመያዝ የጓጓ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ባስ ከኋላ ለሚቆም ሰው የሚተው ሥራ እንደ ነበረ ማካርትኒ ራሱ በኋላ ተናግሯል። በመጨረሻ ዕጣው በእርሱ ላይ ወደቀ፤ የቫዮሊን ቅርጽ ያለው የሆፍነር ባስም ገዛ። የተናቀውን ሥራ በተቀበለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባሱን ራሱን እንደ ዜማ አዘፈነው። የጊታር እጁም አልጠፋም። በ1966 «ታክስማን» በተባለው የጆርጅ ሃሪሰን ዘፈን ውስጥ ባሱንም፥ በመካከል የሚሰማውን የጊታር ዜማም የተጫወተው እርሱ ነው።

በተቃራኒው ከባስ ወደ ጊታር የተመለሱም አሉ። ሮን ውድ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጄፍ ቤክ ጓድ ውስጥ ባስ ይጫወት ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ጊታሩን አነሣና በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። የጀነሲስ ባስ ተጫዋች ማይክ ራዘርፎርድም በ1977 የጓዱ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃኬት ሲለይ፥ በቀረጻ ጊዜ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ያዘ። እነዚህ ሁለቱ ግን አስቀድሞ ጊታር የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

ከእነዚህ ታሪኮች ምን እንማራለን? እጅ በፍጥነት ይሻገራል፤ ጆሮ ግን ቀስ ብሎ ይከተላል። ከጊታር ወደ ባስ የሚሄደው ሰው የድምፆቹን ቦታ ስለሚያውቅ በአንድ ሳምንት ዘፈን ማጀብ ይጀምር ይሆናል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ድምፅ ያበዛል፤ እንደ ጊታር ተጫዋች ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ሊሞላው ይፈልጋል። የባስ ሙያ ከከበሮ ጋር አብሮ መርገጥ፥ ድምፁ መቼ እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚቆም ማወቅ፥ የማይፈለጉትን አውታሮች በጣት አፍኖ ዝም ማሰኘት ነው። ባስ ተጫዋቹ ግማሽ ምት ቢስት ዘፋኙም፥ ጊታሩም፥ ተወዛዋዡም አብረው ይደናገራሉ። ከባስ ወደ ጊታር የሚሄደው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ሁለት ያልለመዳቸው ቀጫጭን አውታሮች ይጨመሩበታል፤ አውታሮቹ ተቀራርበው ስለሚገኙ ወፍራም መንገድ የለመደው ጣት ይሳሳታል፤ ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ የሚይዘውን ኮርድ ከመጀመሪያው መማር አለበት። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ይሠራል።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ክራርና በገና የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ያላቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች ናቸው። ክራር 5 ወይም 6 አውታሮች ሲኖሩት በገና 10 አለው፤ ድምፁም ከክራር ይልቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአውታሩ ሥር በሚገባው እንዚራ ምክንያትም እየነዘረ ይሰማል። ክራር የሚደረድር ሰው በገናን ቢይዝ ጣቱ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ክራር የሰርግና የጨዋታ፥ በገና ደግሞ የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ስለሆነ፥ የክራሩን ጥድፊያ ወደ በገና ይዞ የሚገባ ሰው መሣሪያውን ነካ እንጂ ደረደረ አይባልም። ከቅርብ ዘመን ወዲህም ክራር በኤሌክትሪክ ሲጎላ ባስ ክራር የሚባል ወንድም አግኝቷል፤ በካሊፎርኒያ የተነሣው ችግር በእኛም መሣሪያ ላይ ተነሥቶ ተመሳሳይ መፍትሔ አገኘ ማለት ነው። በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ባሱን፥ ሰላም ሥዩም ጊታሩን ይዘው ለብዙ ድምፃውያን ማጀባቸው ይታወቃል። ሸክላዎቹንና ካሴቶቹን በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው፥ የዘፈኑ ውበት ሁለቱም በየቦታቸው በመቆማቸው እንደሆነ ይረዳል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ጊታር የሚያውቅ ባስ መጫወት ይችላል፤ ባስ የሚያውቅም ጊታር መጫወት ይችላል፤ ግን ሁለቱም ሁለተኛውን ሙያ እንደ አዲስ ተማሪ ዝቅ ብለው ሲማሩ ነው። ባስ ለደካማ የሚተው መሣሪያ አለመሆኑን ጃመርሰንና ካሮል ኬይ መስክረዋል፤ ባስ መያዝ ከጊታር መሻር አለመሆኑንም ማካርትኒ አሳይቷል። ስለዚህ የሙዚቃ ጓድ የምታቋቁሙ ወንድሞችና እኅቶች፥ ባሱን ስትሰጡ በጊታር ማን እንደሚያንስ አትጠይቁ። ከመካከላችሁ የሌላውን ድምፅ አጥብቆ የሚሰማ፥ ጊዜ የሚጠብቅና ዝም ማለት የሚያውቅ ማን እንደሆነ ጠይቁ። እንዲህ ያለውን ጓደኛችሁን ስታገኙ ባሱን በክብር ስጡት፤ በየሳምንቱም ጥቂት ሰዓት መሣሪያ እየተለዋወጣችሁ ተማሩ። ጊታር ተጫዋቹ የባሱን ሥራ ክብደት በእጁ ካየ በኋላ፥ ከኋላ የሚቆመውን ጓደኛውን እንደ ቀድሞው አይንቅም።