የካምብሪጅና የሶመርቪል ልጆች

የወንዶች ልጆችን ጠባይ በምክር ለማረቅ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም. በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች የተካሄደውን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሙከራውን ያቀዱት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሐኪም ሪቻርድ ካቦት ናቸው። እኒሁ ሰው በ1912 የ3,000 አስከሬኖችን ምርመራ ውጤት፥ ሟቾቹ በሕይወት ሳሉ ሐኪሞች ከሰጡት ፍርድ ጋር አመሳክረው፥ የሞያ ባልደረቦቻቸው ምን ያህል እንደሚሳሳቱ አሳይተው ነበር። የገዛ ሞያቸውን እንዲህ የፈተኑ ሰው በጎ አድራጎትንም ለመፈተን መነሣታቸው አያስደንቀንም።

ሥራው ሲጀመር የልጆቹ አማካይ ዕድሜ ዐሥር ዓመት ተኩል ነበረ። አስቸጋሪ የተባሉትም ደኅና የተባሉትም ተመረጡ። በዕድሜ፥ በጠባይና በቤተሰብ ኑሮ የሚመሳሰሉት ጥንድ ጥንድ ከተደረጉ በኋላ፥ ከሁለቱ አማካሪ የሚያገኘው ማን እንደ ሆነ በሳንቲም ዕጣ ተወሰነ። እስከ መጨረሻው ከተከታተሏቸው 506 ልጆች 253ቱ ሲታገዙ፥ የቀሩት 253 እንደ ነበሩ ተተዉ። በልጅ ዕድል ላይ ሳንቲም መጣል ጭካኔ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ የሳንቲሙ ጥቅም ግን ወደ ኋላ ይታያል።

አማካሪው በአማካይ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ልጁ ቤት ይሄድ ነበር። ከታገዙት ከግማሽ የሚበልጡት በትምህርት ተረዱ፤ ከመቶ የሚበልጡት ሕክምና አገኙ፤ ሩብ ያህሉ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት ወደ ካምፕ ተላኩ። ካቦት ገና በ1939 ሞቱ፤ ጦርነቱም አማካሪዎችን እየወሰደ ልጆቹን ለሌላ ሰው አስረከባቸው።

ፓወርስና ዊትመር በ1951 ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ምክሩ ልጆቹን ከወንጀል እንደ ጠበቃቸው የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘም። ብዙ ሰዎች ጊዜው ገና ነው፥ ፍሬው ሲያድጉ ይታያል ብለው ተጽናኑ። ጆአን ማኮርድ የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፥ ጐልማሶች የሆኑትን እነዚያን ልጆች ፈልገው አብዛኞቹን አገኙ። ከመለሱት ከታገዙት ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል ምክሩ እንደ ጠቀማቸው ተናገሩ፤ አማካሪዎቻቸውንም በፍቅር ያስታወሱ ነበሩ። መዝገቡ የሚናገረው ሌላ ሆነ። በ1978 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ የታገዙት ካልታገዙት ይልቅ ወንጀል የመድገም፥ በመጠጥ የመጠመድና ከባድ የአእምሮ ሕመም የማሳየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ከሞቱትም መካከል የታገዙት የሞቱት በለጋ ዕድሜ ነው። ጥንዱ ባይኖር ኖሮ በእጃችን የሚቀረው ማስረጃ ምስጋናው ብቻ ነበር።

ምክር እንዴት ይጐዳል? ማኮርድ በመጀመሪያ ያሰቡት፥ ልጆቹ በሰው ርዳታ መደገፍን ለምደው፥ ርዳታው ሲቋረጥ ባዶ እጃቸውን ቀርተው ይሆናል ብለው ነው። ይህ ግምት ለእኛ በቂ አልመሰለንም። በ1999 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ያወጡት ጽሑፍ ወደ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል፤ ከጉዳቱ አብዛኛው የታየው ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ካምፕ በተላኩት ላይ ነበር። በዚያ ልጆቹ የሚውሉት የሚያድሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ ጥፋቱን የሚያወራ ልጅም ከእኩዮቹ ሳቅና አድናቆት ያገኛል።