«ስርጭት»፣ «ፍልሰት» ወይስ «መበተን»? ስለ አንድ የሥነ ምኅዳር ስያሜ

በሥነ ምኅዳር ጽሑፎች «ዲስፐርሳል» የተባለው ቃል ብዙውን ጊዜ «ስርጭት» ተብሎ ሲተረጐም ይታያል። ስርጭት ግን ዝርያው የሚገኝበትን ስፍራ ሲያመለክት፣ ዲስፐርሳል አንድ እንስሳ ወይም ዘር ከተገኘበት ተነሥቶ እስከሚራባበት ድረስ የሚያደርገውን ጉዞ ያመለክታል። የኋለኛው ምክንያት፣ የፊተኛው ውጤት ነው። «ፍልሰት» ደግሞ ወቅት ጠብቆ መመለስን ስለሚያስታውስ አይስማማም።

የሐሳቡ ታሪክ ልዩነቱን ያስረዳል። ክሌመንት ሪድ በ1899 (እ.ኤ.አ.) የኦክ ዛፍ ከበረዶ ዘመን በኋላ ያለ ረዳት ወደ ሰሜን ብሪታንያ ለመድረስ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሚያስፈልገው ገመተ፤ ዛፉ ግን በጣም ባነሰ ጊዜ ደርሷል። ስኬላም በ1951 ይህን በስሌት መርምሮ ፍሬውን እንስሳት ተሸክመውት መሆን አለበት አለ። በ1905 በቦሄሚያ የተለቀቀው መስክራት የተባለው እንስሳ የያዘው መሬት ስፋት ስኩዌር ሩትም ከጊዜው ጋር በቀጥታ መስመር ማደጉን አሳየ። በ1996 ኮት፣ ሉዊስና ቫን ደን ድሪሼ ጥቂት ሩቅ ተጓዦች የመዛመቱን ፍጥነት እያደር ሊጨምሩት እንደሚችሉ አስረዱ።

ይህ ስሌት ዛሬ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራል። በ2012 «ሚግክሊም»፣ በ2014 «ሬንጅሺፍተር» ቀረቡ። ሁለተኛው ጉዞውን በሦስት ይከፍላል፤ እነርሱም በአማርኛ መነሣት፣ መሻገርና መስፈር ቢባሉ ይስማማሉ። የአንድ ተጓዥ ርቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚገልጸውን «ከርነል» ግን «ፍሬ» ወይም «አስኳል» ማለት ያሳስታል፤ ስለ ዛፍ ዘር በሚናገር ገጽ ላይማ አንባቢው እውነተኛ ፍሬ ይመስለዋል። «የርቀት ዕድል ቀመር» ማለት ይሻላል።

ለዋናው ቃል «መበተን» የሚለውን አቀርባለሁ። «በ» ሲላላ አድራጊውን፣ ሲጠብቅ ተደራጊውን ያሳያል፤ ፊደላችን ግን ሁለቱን አይለይም። ይህ በሌላ ስፍራ ጉድለት ቢሆንም እዚህ ይጠቅማል፤ ነፋስ ዘር ይበትናል፣ ዘሩም ይበተናል። በራሱ እግር ለሚሄድ እንስሳ ቃሉ ፍጹም አለመሆኑን አልክድም። ቢሆንም «ስርጭት» ብለን ብንተወው የፕሮግራሙ ተጠቃሚ ርቀት ሲጠየቅ ካርታ ያቀርባል። የተርጓሚ ስሕተት በዚህ ጊዜ የስሌት ስሕተት ይሆናል።