ስም መጻፍና ስም መሰረዝ

የእድር ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው መቼም ይህን ያውቀዋል። አዲስ አባል መመዝገብ ቀላል ነው፤ ስሙን ይጽፋሉ፣ መዋጮውን ይቀበላሉ፣ አበቃ። አስቸጋሪው የለቀቀውን መሰረዝ ነው። በተለይ መዝገቡ ሦስት ሆኖ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ ካለ፣ ከሁለቱ የተሰረዘ ሰው በሦስተኛው አባል እንደሆነ ይኖራል። ድንኳን ሊወስድ ሲመጣ ታዲያ ዕቃ ቤቱ ምን ብሎ ይከለክለዋል? ስሙ አለ እኮ!

ዛሬ ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ መሥሪያ ቤቱም ሥራውን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አሳድሮ የሚያስተዳድረው በዚሁ ዓይነት መዝገብ ነው። ማን ተጠቃሚ ነው? በየትኛው ቡድን ውስጥ ነው? ከየትኛው ኮምፒውተር ተነስቶ ወደ የትኛው ይገባል? የዚህ መዝገብ ታሪክ ለእኔ ከማሽን ታሪክ ይልቅ የአደራ ታሪክ ሆኖ ይታየኛል።

የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር የተገናኙት ኮምፒውተሮች አራት ብቻ ነበሩ። ቁጥራቸው ሲጨምር የሁሉም ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ተመዘገበ። ፋይሉ የሚያዘው ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ሥራውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ኤልዛቤት ፋይንለር ነበሩ። ስም ማስመዝገብ የፈለገ ለቢሮአቸው ያሳውቃል፤ ሌላው ደግሞ አዲሱን ፋይል ከዚያ እየቀዳ ይወስዳል። መንደሩ ሲሰፋ ግን አንድ ጸሐፊ ከየት ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬም የምንጠቀምበትን የስም ሥርዓት ነደፉ። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ክፍል ይመዝግብ፣ ከላይ ያለው የትኛው ክፍል በማን እጅ እንዳለ ብቻ ይወቅ የሚል ነው።

የማሽኑ ስም መላ ሲያገኝ የሰዉ ቀረ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሃያ የዩኒክስ ማሽን ካለ፣ ሃያውም የየራሱን የተጠቃሚ ዝርዝር ይዟል። ሠራተኛው ፓስወርዱን ሲቀይር ሃያ ጊዜ ነው፤ ሲለቅም ከሃያው መፋቅ አለበት። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ ለዚህ "የሎው ፔጅስ" የሚባል ሥርዓት አመጣ። ስሙ በእንግሊዝ አገር የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ስለነበር ኋላ "ኤንአይኤስ" ተባለ። አንድ ዋና ሰርቨር መዝገቡን ይይዛል፤ ረዳቶቹ ግልባጩን ይዘው ለጠያቂው ሁሉ መልስ ይሰጣሉ። ትልቁ ብልሃት "ኔትግሩፕ" የሚባለው ነው። ሰውንና ማሽንን በቡድን በቡድን አስሮ "የሒሳብ ክፍል ሰዎች ወደ ሒሳብ ክፍል ማሽኖች ይግቡ" ማለት ተቻለ። ከዋናው መዝገብ የተሰረዘም ከሁሉም ተሰረዘ። ጉድለቱ ግን መዝገቡ አፉን አለመቆለፉ ነበር፤ የተመሰጠረውን ፓስወርድ ሳይቀር ከኔትወርኩ ለጠየቀው ማሽን ያነብለታል።

በዚያው ዘመን ማሽኖቹም እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር። "ከእነዚህ ማሽኖች የመጣ ሰው ፓስወርድ አይጠየቅ" የሚል ዝርዝር ነበራቸው። ሰው ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን የአገራችንን አባባል የሰማ አልነበረም መሰለኝ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ የሶፍትዌር ስህተቶችን ተጠቀመ፣ ቀላል ፓስወርዶችን ገመተ፣ የመተማመኛ ዝርዝሩንም እያነበበ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አለፈ። በጊዜው በተነገረው ግምት ወደ 6,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ከሌባው ጋር የተባበረው የማሽኖቹ ጉርብትና ነበር።

የተሻለው አስተሳሰብ የመጣው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጀመረው አቴና ከሚባል ፕሮጀክት ነው። "ከርቤሮስ" የተባለው ሥርዓታቸው ስሙን የወሰደው በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ብዙ ራስ ውሻ ነው። እዚህ ላይ ማንም በስሙ ብቻ አይታመንም። ሁሉም ማንነቱን ለአንድ ጠባቂ ያረጋግጥና ትኬት ይቀበላል፤ ትኬቱም ሰዓቱ ሲያልቅ ዋጋ ያጣል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ መሰረዝን ለሰው ትውስታ አልተዉትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር ባወጣው "አክቲቭ ዳይሬክቶሪ" ይህንኑ ሥርዓት ከተጠቃሚዎችና ከቡድኖች መዝገብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገው።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን በጠላፊዎች ተመትቶ መስመሩን ለቀናት ዘጋ። በየማደያው ሰልፍ ሆነ፤ ኩባንያው ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ቤዛ ከፈለ። ጠላፊዎቹ የገቡት በአንድ አሮጌ የርቀት መግቢያ አካውንት ነበር። ማንም ሊጠቀምበት አይገባም ነበር፤ ግን አልተዘጋም። ሦስተኛው መዝገብ ማለት ይህ ነው።

ከእኛም ዘንድ በብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲለቅ የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል። አንድ ካልኩሌተር ያልመለሰ ሰው መሸኛ አያገኝም። መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ "ስሙ ከየሰርቨሩና ከየቡድኑ ተሰርዟል" የሚል መስመር አለ? ከሥሩስ የሚፈርመው ማን ነው? ካልኩሌተሩን አስመልሰን ቁልፉን ትተንለት እንዳንሸኘው።